ባለመንቀሳቀሱ ስለተቀጣው የወንድሜ ሂሳብ

ለተከበሩ የባንካችን የደንበኞች ጉዳይ የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፡- ከወንድሜ ሂሳብ ላይ የተቆረጡት ቅጣቶች፣ ወንድሜ መሞት ሳያስፈልገው እንዲመለሱ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። ወገብዎ እንዴት ነው? ወገብዎን ለይቼ የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ባለፉት ሁለት ዓመታት ወደ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ መሆንዎን በፈገግታ ስለነገረችኝ፣ ያን ያህል ዘመን ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አከርካሪው ምን ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ከርሜያለሁ። ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ በተለይም ለወንድሞችዎ፣ ካሉዎት፣ ረጅም ዕድሜንና ማታ ማታ በሰዓቱ ወደ ቤት መግባትን እመኝላቸዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ አደራ እላለሁ። ከዚህ በፊት የጻፍኳቸው ደብዳቤዎች በመዝገብ ቤታችሁ በኩል ገብተው፣ ቁጥር ተሰጥቷቸውና ማኅተም አርፎባቸው፣ ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሱ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። የዋናው መሥሪያ ቤታችሁ ጥበቃ ግን ሁልጊዜ በሩ ላይ ቆሞ ጋዜጣ ሲያነብ አያለሁ። በዚህ መንገድ ብጽፍ ቢያንስ እስከ በሩ ይደርሳል ብዬ ነው።

ደግሞም ደብዳቤ መጻፍ ሥራዬ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ጸጉሬን ያሸበትኩ ሴት ስሆን፣ «ጥያቄዎን ለማስተናገድ የማንችል መሆኑን ከታላቅ አክብሮት ጋር እንገልጻለን» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ዐይኔን ጨፍኜ እተይበዋለሁ። እንግዲህ የሙያ ባልደረቦች መሆናችንን ዐውቀው ያንብቡልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ፣ የእናቴ የመጨረሻ ልጅ፣ ሊፍት ጠጋኝ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሰኞ ጠዋት የመሣሪያ ቦርሳውን አንግቶ፣ ስልኩን ቻርጅ ላይ ረስቶ፣ «ማታ መጣሁ» ብሎ ወጣ። ሥራ ቦታው አልደረሰም፤ ወደ ቤትም አልተመለሰም። ፖሊስ ጣቢያውን፣ ሆስፒታሉን፣ ሌላም ስሙን መጥራት የማልወደውን ቀዝቃዛ ክፍል ሳይቀር እግራችን እስኪነቃ ዞርን፤ ሬሳም የለም፣ ወሬም የለም። የቀረልን ክፍሉ፣ ስልኩና እናንተ ዘንድ ያለው የቁጠባ ሂሳቡ ነው፤ የራሱን መጠገኛ ቤት ሊከፍትበት ያጠራቀመው። ይኸው ሂሳብ በየወሩ በቅጣት እየተሸራረፈ አሁን ሊያልቅ ምንም አልቀረውም፤ ሲያልቅ ደግሞ በደንባችሁ መሠረት ይዘጋና ወንድሜ ከደንበኞቻችሁ መካከል ይሰረዛል። ከዚያ በኋላ በዚህ ምድር ላይ ወንድሜን «ውድ» ብሎ የሚጽፍለት መሥሪያ ቤት አይኖርም። ስለዚህ ሂሳቡ ባዶ ሳይሆን ቅጣቶቹ እንዲመለሱልን ስጠይቅ፣ እግረ መንገዴንም ያደረጋችሁልንን ውለታ በተራ ቁጥር ላቀርብ ተገድጃለሁ።

፩ኛ፤ እናታችንን ስላነጋገራችሁልኝ አመሰግናለሁ።

እናታችን የወንድሜን ስልክ ከተሰካበት ነቅላው አታውቅም። አልጋው ራስጌ ባለችው ጠረጴዛ ላይ እንደሆነ ነው፤ መብራት የጠፋ እንደሆነ ጄኔሬተር ካለው ፋርማሲ ድረስ በሻርፕ ጠቅልላ ወስዳ ታስሞላዋለች። መጀመሪያ ሰሞን የሚደውሉለት ጓደኞች ነበሩ፤ በኋላ እነሱም ተዉት። ዓመት ያህል ድምፅ ያልወጣው ስልክ አንድ ጠዋት ጮኸ። እናታችን ግቢ ልብስ ታሰጣ ነበር፤ የረጠበውን አንሶላ መሬት ላይ ጥላ፣ አንድ እግሯ ባዶውን ሆኖ ስትሮጥ እኔ በመስኮት አየኋት። እናንተ ነበራችሁ። «ውድ ደንበኛችን፣ ሂሳብዎ ለረጅም ጊዜ ባለመንቀሳቀሱ የቅጣት ክፍያ ተቀንሷል። ከእኛ ጋር ስለሆኑ እናመሰግናለን።» እናታችን መነጽሯን አድርጋ፣ ፊደል በፊደል አንብባ፣ ቀና ብላ «ምን አጥፍቶ ነው የቀጡት?» አለችኝ። አልተንቀሳቀሰም ብለው ነው አልኳት። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

ከዚያን ቀን ወዲህ ወር በገባ ቁጥር እናታችን ጸጉሯን አበጥራ፣ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ክፍሉ ትገባለች፤ የእናንተን ቅጣት ለመጠበቅ። ቤታችን ውስጥ ሁለት ሴቶች በአንድ የስልክ ድምፅ ትንፋሻችንን ይዘን የምንቀመጥበትን ቀን ያስገኘልን ባንክ ይህ ብቻ በመሆኑ፣ ሌሎች ባንኮች ከእርስዎ ብዙ የሚማሩት አለ።

፪ኛ፤ ስለ ሕግ አክባሪነታችሁ።

ቅጣቱ እንዲነሳ ለመጠየቅ ሰፈራችን ያለው ቅርንጫፍ ስሄድ የሂሳቡ ባለቤት በአካል ይቅረብ ተባልኩ። በአካል መቅረብ ቢችል ኖሮ እኔ እዚህ ምን አመጣኝ፣ ጠፍቷል እኮ ነው የምለው ብል፣ ኃላፊው ለደቂቃ ያህል አዝኖ፣ እንግዲያው ውክልና ሰጥቶዎት ከሆነ ያምጡ አለኝ። ከጠፋ ሰው ውክልና የሚቀበሉበትን መስኮት ቢያሳየኝ ሮጬ እንደምሄድ ነገርኩት፤ ፈገግ አለ፤ ቀጣይ ባለጉዳይ ጠራ።

ጊዜው ሲገፋ፣ ቅጣት ካልተመለሰ እንኳ ከደሞዜ ትንሽ ትንሽ እያስገባሁ ሂሳቡን ላንቀሳቅሰው ብዬ ገንዘብ ይዤ ቀረብኩ። ገንዘብ ተቀባይዋ ሂሳቡን ከፍታ አይታ «እህቴ፣ ይሄ ሂሳብ ተኝቷል። የተኛ ሂሳብ ገቢም አይቀበል፤ የሚቀሰቅሰው ባለቤቱ ራሱ ሲመጣ ነው» አለችኝ። ገንዘብ ላስገባ ብዬ ባንክ ሄጄ አንቀበልም ተብዬ ስመለስ የሳቅኩት ሳቅ እስከ አሁን ትዝ ይለኛል። ይህን ነገር ግን እባክዎ ይያዙልኝ፤ በዚያ ሂሳብ ውስጥ ከወንድሜ በቀር ማንም ሰው ሳንቲም ሊያስገባ እንደማይችል በመስኮታችሁ በኩል በግልጽ ተነግሮኛል። ለእናታችንም ይህንኑ ነገርኳት። ባልነገርኳት።

፫ኛ፤ ስለ ባቡር መጨረሻው ከተማ።

በጽሑፍ ላቀረብኩት ማመልከቻ ምላሽ ደረሰኝ። ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ ጥያቄዬን ማስተናገድ አልቻላችሁም። የራሴን እጅ ጽሑፍ የተቀበልኩ መሰለኝና አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ጨመርኩት፤ ለእኔ ነገሩ እዚያ ላይ አብቅቶ ነበር።

አንድ ሐሙስ ቀን፣ ወር ሳይገባ፣ ከቅጣታችሁ ቀን ውጪ፣ ስልኩ ጮኸ። «ውድ ደንበኛችን፣ ወደ ሂሳብዎ ገቢ ተደርጓል። ቅርንጫፍ፡- ባቡር መጨረሻ። አስገቢ፡- የሂሳቡ ባለቤት።»

ክቡር ሆይ፣ ይህን መልእክት የጻፈላችሁ ሰው ጥቂት ቃል ቢጨምርበት፣ ለምሳሌ «እኛ ነን» ቢል ምን ያህል የወረቀት ወጪ ያስከትል እንደነበር ባላውቅም፣ ሰባት ሰዓት የባቡር መንገድ ይቆጥብልን ነበር። እናታችን አላለቀሰችም፤ እልልም አላለች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ መልሳ፣ ቁምሳጥኑን ከፍታ፣ ሹራቡንና ከረንቡላ ሲጫወት ብቻ የሚያደርጋትን ጥቁር ጫማውን በፌስታል ከተተች፤ ስልኩንም ነቅላ ደረቷ ውስጥ ሸጎጠችው። «እዚያ ብርድ ነው ይላሉ» አለች። እኔም፣ መሥሪያ ቤት ውስጥ በጥርጣሬዬ የምታወቀው ሴት፣ አንዲት ጥያቄ ሳልጠይቅ ፈቃድ ሞላሁ። አምኜ ነበር። ሰው እንዲህ ሲያምን ምን ያህል ደስ እንደሚለው ዕድሜ ለእናንተ ዐውቄያለሁ።

ባቡር መጨረሻ ያለው ቅርንጫፋችሁ ንጹሕ ነው፤ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር፣ ተራ ቁጥር የሚሰጥ ማሽን፣ አቧራ የጠገበ የፕላስቲክ አበባ። ጠዋት ሲከፈት እንገባለን፤ ሲዘጋ እንወጣለን። ገንዘቡን ያስገባውን ሰው አይታችሁታል ወይ ብለን መስኮቶቹን ብንጠይቅ፣ የደንበኛ ምስጢር ነው ተባልን። ፎቶውን ለሊስትሮዎች፣ ለታክሲ ነጂዎች፣ ሊፍት ላላቸው ሕንፃዎች ዘበኞች ሁሉ አሳየን። የባንኩ ጥበቃ ፎቶውን ብዙ ጊዜ አገላብጦ ካየ በኋላ «እናቴ፣ ዐይኖቹን የማውቃቸው ይመስለኛል» አላት። እንደማያውቃቸው እኔም እሱም እናውቃለን፤ እናታችን ግን እስከ ልጅ ልጁ መረቀችው።

በሁለተኛው ቀን ከምሳ በኋላ፣ አዳራሹ በሰው ተሞልቶ እያለ፣ እናታችን ደረቷ ውስጥ የሸጎጠችው ስልክ ጮኸ። አውጥታ ሰጠችኝ፤ መነጽሯን ሆቴል ረስታው ነበር። ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «ውድ ደንበኛችን፣ ከሂሳብዎ ወጪ ተደርጓል። ቅርንጫፍ፡- ባቡር መጨረሻ።»

አሁን። እዚህ። እኛ በተቀመጥንበት አዳራሽ።

«ውስጥ ነው!» ብላ ብድግ አለች። ፌስታሏን አንጠልጥላ ከመስኮት መስኮት እየሄደች ወንዶቹን በትከሻቸው እያዞረች ታያቸው ጀመር። ማንም አልተቆጣትም። እኔ ልይዛት ነበር የተነሳሁት፤ መንገድ ላይ ግን ሦስተኛው መስኮት ጋ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ ሰው አየሁ። ማጅራቱ፣ የአንገቱ ዘንበል ማለት፣ ሲጠብቅ ክብደቱን በአንድ እግሩ ላይ የሚያሳርፍበት ሁኔታ። ቤት ውስጥ ብቻ የምንጠራበትን የልጅነት ስሙን በሙሉ ድምፄ ጠራሁት። ሰውዬው ዞረ፤ ደረሰኝ የያዘ፣ ጺማም፣ የማላውቀው ሰው። እናታችን ድምፄን ሰምታ ዞራ ነበር። እኔ ያየሁትን ሳይሆን የእኔን ፊት ነው ያየችው። ብዙ ነገር ከነጋ በኋላ ይረሳል፤ የዚያን ጊዜ ፊቷን ግን የትም ብሄድ ይከተለኛል፤ እንቅልፍ ላይ ሳይቀር።

ጥበቃው ጉዳያችንን ነግሮት ኖሮ፣ ከላይኛው ፎቅ አንድ ወጣት ሠራተኛችሁ እየሮጠ ወረደ። በጣም ጨዋ ልጅ ነው፤ በዚህ ደብዳቤ ምክንያት አንዳች ቢደርስበት ተቀየምኩዎት። ወንበር ስቦ ፊታችን ተቀምጦ እጆቹን እያፋተገ አስረዳን። ኪራይ ርካሽ ስለሆነ የመላው ባንክ የቅሬታ ማስተካከያ ክፍል እዚያ ፎቅ ላይ ነው ያለው። ማሽናችሁ ቅጣት መቁረጫ እንጂ ቅጣት መመለሻ አልተሠራለትም። ስለዚህ ቅጣት የሚመለስለት ሰው ሲኖር እንደ አዲስ ገቢ አድርገው ያስገቡለታል፤ የተኛ ሂሳብ ደግሞ ከባለቤቱ በቀር ከማንም ስለማይቀበል፣ አስገቢው ላይ «የሂሳቡ ባለቤት» ብለው ይሞላሉ። የእኔን ማመልከቻ አንዱ ኃላፊ ውድቅ ሲያደርገው ሌላው ፈቅዶት ኖሮ፣ ገንዘቡ ገባ፤ ስህተቱ ሲታወቅ ደግሞ ተመልሶ ወጣ። «እኛ ነን እናቴ። እሱ አይደለም» አለ ልጁ፤ ዐይኑ ዕንባ አቅርሮ ነበር።

እናታችን «በሱ ስም የገባኸውም የወጣኸውም አንተ ነህ?» ስትል ጠየቀችው።

«አሠራሩ ነው እናቴ።»

ራሷን ነቀነቀች። ተነስታ በትከሻቸው ያዞረቻቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ይቅርታ ጠየቀች። በባቡሩ ስንመለስ ፌስታሉን ከላይ ካለው መደርደሪያ ላይ ላስቀምጥልሽ ብላት እምቢ ብላ ጉልበቷ ላይ አቅፋው መጣች። መስኮቱ ጨለማ እስኪሆን ድረስ የወንድሜን ጫማ ተረከዝ በፌስታሉ ላይ በአውራ ጣቷ ስታሸው ነበር፤ እኔም እንዳላየሁ ሆኜ መጣሁ።

ለዚህ ሁሉ ምስጋናዬ የላቀ ነው። አንድ ሰው ለቤተሰቡ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ እንዲጠፋ ማድረግ ለሌሎች መሥሪያ ቤቶች ከአቅም በላይ ነው፤ እናንተ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ፈጽማችሁታል። (ተሳስቻለሁ፤ ለሁለቱ የስልክ መልእክቶች የአገልግሎት ክፍያ ተቆርጧል።)

፬ኛ፤ ስለ ሞት ማበረታቻው።

ከጉዟችን በኋላ በእርስዎ ፊርማ የወጣ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊርማዎን አየሁት፤ ያምራል። ባንኩ «በሕይወት የሌሉ ደንበኞቹን የማይቀጣ» በመሆኑ፣ ወንድሜ መሞቱ በፍርድ ቤት ታውጆ ማስረጃው ከቀረበ፣ ከሞተበት ቀን ጀምሮ የተቆረጠው ቅጣት በሙሉ ከነወለዱ እንደሚመለስ፣ ባንኩም የሐዘናችን ተካፋይ እንደሚሆን ይገልጻል። ለማስፈጸሚያው ስልክ ብደውል፣ አንዲት ትሑት ድምፅ ያላት ሠራተኛችሁ የሚጠቅመኝን ልትነግረኝ ብላ «የሞቱበት ቀን ወደ ኋላ በራቀ ቁጥር ተመላሹ ከፍ ይላል» አለችኝ። ክፋት እንደሌላት ዐውቃለሁ። ክፋት ቢኖርባት ይቀለኝ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ልዋሽዎ አልችልም፤ ማመልከቻውን ጻፍኩት። መሥሪያ ቤት በምሳ ሰዓት፣ በሬን ዘግቼ፣ ሥራዬ አይደል፣ እንደ ውሃ ወረደልኝ። ስሙን ጻፍኩ፤ ሙያውን፣ የትውልድ ዘመኑን፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበትን። የሞተበት ቀን ከሚለው መስመር ስደርስ ጣቴ ቁልፉ ላይ ቀረ። ሰኞ ልበል? ማክሰኞ? ምናልባት ሰኞ ዕለት በሕይወት ነበር፤ ምናልባት ማክሰኞ ጠዋት የሆነ ቦታ ሆኖ ውሃ ጠይቋል። የትኛውንም ቀን ብጽፍ በዚያ ቀን የምገድለው እኔ ነኝ። ወረቀቱን ሳልሞላው ለእናታችን ወስጄ አሳየኋት፤ ካንቺ ይሁን አልኳት። ፈሪ ነኝ።

መነጽሯን አድርጋ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ እጥፉን አስተካክላ መለሰችልኝ። «ይቅጡት» አለች። «የሚቀጡት ያለ ሰው ነው።»

እንግዲህ በዚህ የተነሳ የቤታችን አቋም እንደሚከተለው ነው። ወንድሜን በገንዘብ አንለውጥም፤ ተመላሹ ስንትም ቢሆን። ነገር ግን የማይመጣን ሰው አልመጣህም ብሎ በየወሩ መቅጣት፣ ገንዘቡ ሲያልቅ ደግሞ ስሙን መፋቅ፣ እኛ ያላወጅነውን ሞት እናንተ በጥቂት በጥቂቱ ማወጅ መሆኑን እንድታውቁልን ነው። ስለዚህ የተቆረጠው ሁሉ ያለ ሞት ማስረጃ እንዲመለስ፣ ሂሳቡም ክፍት ሆኖ እንዲቆይ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ስትመልሱም በስማችሁ መልሱ። በእኛ ቤት በወንድሜ ስም የሚገባና የሚወጣ፣ ወንድሜ ብቻ ነው።

ደንብ አይፈቅድም የሚሉኝ ከሆነ፣ እርስዎም አንድ ቀን ማታ የሚጠብቁት ሰው ሲዘገይብዎ፣ ሰዓትዎን ሁለት ጊዜ ሲያዩ፣ የውጭ በር ድምፅ መስሎዎት ከወንበርዎ ሲነሱ፣ ያን ጊዜ ይህን ደብዳቤ እንደገና እንዲያነቡት በትሕትና አመለክታለሁ። እንዲደርስብዎ አልመኝም። በፍጹም። ለጠላቴም አልመኝም፤ እርስዎ ደግሞ ጠላቴ አይደሉም፣ ባንኬ ነዎት።

ለውድ ጊዜዎ፣ ለማያልቀው ትዕግሥትዎና ለሚያምረው ፊርማዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ መልስዎን ከእናቴ ጋር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ የምጠብቅ፣

የውድ ደንበኛችሁ እህት

ግልባጭ፡-
ለዋናው መሥሪያ ቤት በር ጥበቃ (በቅድሚያ እንዲያነቡት)
ለባቡር መጨረሻ ቅርንጫፍ፣ ላይኛው ፎቅ ለሚሠራው ጨዋ ልጅ
ከኋላው ወንድሜን ለመሰለው ሰው፣ ከይቅርታ ጋር

ማሳሰቢያ፡- ምናልባት አንድ ቀን፣ ከየትኛውም መስኮታችሁ ፊት አንድ ሰው ቆሞ፣ መታወቂያም ፎርምም ሳይኖረው፣ ልብሱም ምናልባት ንጹሕ ሳይሆን፣ ሂሳቤ አለ ወይ ብሎ ቢጠይቃችሁ፣ ተኝቷል አትበሉት። ተራ ቁጥር አታስይዙት። ውሃ ስጡትና ወንበር ላይ አስቀምጡት፤ በሩን ዝጉበትና በራሱ ስልክ ቁጥር ደውሉልን፤ እናታችን ታነሳዋለች። የስልኩን ሂሳብ፣ ከነቅጣቱ፣ ከቀረችው ገንዘብ ላይ ቁረጡት፤ ተመላሽ አልጠይቅም።